በሙሉ ድምፅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። "አባባ፣ ለጥናት ነው፤ የሕዝብ አስተያየት እየሰበሰብን ነው" አለች። አባባ ማለቷን ይቅር አልኳት። ጥያቄው በጦርነት ጊዜ ሰላማዊ ሰው ላይ ስለሚደርስ በደል ነው። "ይደርሳል ብለው ያምናሉ? በጣም አምናለሁ፣ አምናለሁ፣ አላምንም..." ስትል፣ ሳላስበው ቀኝ እጄ ወደ ላይ ወጥቷል። በስልክ።

የአጋሮ ልማድ ነው። በደርግ ጊዜ የእኛ አስተያየት የሚሰበሰበው በቀበሌ አዳራሽ፣ በእጅ ነበር።

አንድ ኅዳር ከጎረቤቴ ጋር ቡና እናሰጣ ነበር። ነዚፍ ብዬ ልጥራው። ከሰሜን ጦር ሜዳ እግሩን ቆስሎ መመለሱ ነው። ፀሐዩ ለስላሳ፤ እሸቱ ቡና ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። የበቆሎ ቂጣ እየቆረስን፣ ጓዶቹ የአንድ መንደር ሰዎችን ረሽነው ቤታቸውን ሲያቃጥሉ ቆሞ እንዳየ ነገረኝ። "ወላሂ ለእናቴም አልነገርኩ። ማሎ፣ እባክህ፣ አንተ ጋ ይቅር።"

እኔ ጋ ምን ቀርቶ ያውቃል? ሳምንት ሳይሞላ፣ ጫት ላይ፣ "ከታማኝ ምንጭ" ብዬ ለሰባት ሰው አወራሁት። ስም አልጠራሁም፤ ብልጥ ነኛ። በቀበሌያችን ከጦር ሜዳ የተመለሰው እሱ ብቻ መሆኑ ትዝ ያለኝ ስብሰባ ሲጠራ ነው።

"ጓዶች" አለ ሊቀመንበሩ፣ "ሠራዊታችን መንደር አቃጠለ የሚባለው የጠላት ወሬ ነው። በዚህ የምትስማሙ እጅ አውጡ። የማያወጣ ካለ፣ የወሬውን ምንጭ አገኘን ማለት ነው።"

ተናግሮ ሳይጨርስ አወጣሁ። ትምህርት ቤት እንኳ አንደኛ ወጥቼ አላውቅም። አዳራሹ በእጅ ተሞላ። ዞር ስል ነዚፍ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩም አይቶታል። እጄን እንደሰቀልኩ፣ ማሎ አውጣው፣ አውጣው እላለሁ በሆዴ።

ቆይቶ አወጣ።

"በሙሉ ድምፅ" አለ ሊቀመንበሩ፤ ተጨበጨበ።

ነዚፍ እያነከሰ ሲወጣ ከኋላ ተከተልኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

"የመንደሩ ሰዎችም እንዲህ ነበር እጃቸውን ያነሱት" አለኝ። "ከቤት ሲወጡ።"

ከዚያ ወዲህ ስለ ጦርነት አንስቶልኝ አያውቅም።

"አባባ፣ አሉ?" አለች ልጅቷ። "'አላውቅም' የሚልም ምርጫ አለ።"

እጄን አወረድኩ። "ይደርሳል ብለሽ ጻፊ" አልኳት። "ካየ ሰው ሰምቻለሁ።"

"ማን ነው ያየው?"

"እሱ እኔ ጋ ይቅር።"