ጌታ ሳያነበው
ሱሉልታ ላይ አያቴን የሚያውቅ ሁሉ አንድ አመላቸውን ያውቃል። ፈርሙ የተባሉትን ወረቀት መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ሦስት ቀን ሳያሳድሩ መልስ አይሰጡም። «ጌታ ሳያነበው እኔ አልፈርምም» ይሉ ነበር።

ጎረቤታችን ደላላው የእርሻችንን የሽያጭ ውል ይዞ «ኦቦ፣ ዛሬውኑ ይፈርሙልኝ» ሲላቸውም ያንኑ አደረጉ። በአራተኛው ቀን «ልቤ አላረፈም፣ ይቅርብኝ» አሉት። ቂም ያዘ። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ጊዜ በቁጣ የወጡትን ወጣቶች «ሽማግሌው መሬቱን ሸጧል» ብሎ ቤታችን ድረስ መራቸው። ቤቱ ሲነድ አያቴ ይዘው የወጡት መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ብቻ ነው። ያልተፈረመው ውል ዛሬም ውስጡ አለ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ ጤና አላገኙም፤ በወሩ አረፉ።

ያ ሰው ለቅሶ መጣ! «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። ከዚያ ላደርግበት ያሰብኩትን ሁሉ ጽፌ ከውሉ ጎን ከተትኩት።

አባባ፣ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። መልሱ መጥቶልኛል፤ እርስዎም ቢኖሩ ያንኑ ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን አልቀደድኩትም። ጌታን «ደግመህ አንብበው» ብዬ መልሼ ከተትኩት።