ድምፅ ብቻ ያለው ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥኑን በነፃ የሰጡኝ የአባቴ የድሮ ወዳጅ፣ ሞጣ ከተማ ጨርቅ የሚነግዱ ሐጂ ናቸው። ልጠይቃቸው ሄጄ ስሰናበት፣ «ልጄ፣ ይሄን ጉድ ውሰድልኝ። ያወራል እንጂ አይታይም። ወይ አሠራው፣ ወይ ጣለው» አሉኝ። እኔ ደግሞ የነፃ ነገር አልፎኝ አያውቅም!

በጋቢ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ላይ አቅፌው ወደ ቢቸና ተነሣሁ። አጠገቤ የነበሩት እናት አማተቡና፣ «የየትኛው ደብር ሥዕል ነው ልጄ?» እያሉ አፌን ሳልከፍት ጎንበስ ብለው ተሳለሙት። «ኧረ እማማ፣ ቴሌቪዥን ነው!» ስል ሚኒባሱ በሙሉ በሣቅ ፈረሰ። እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪወርዱ ድረስ ሣቁ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ፣ «ዓይን የሌለው ቴሌቪዥን ምን ይሠራልናል?» አለችና ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። አባቴ ጓዳ ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ከዚያ አይወጡም፤ እንግዳ ሲመጣም ካልተጠየቁ አይናገሩም። ድሮ ቤቱን በጨዋታ የሚያደምቁት እሳቸው ነበሩ። እንደዚህ ዝም ብለው እንዳይቀሩብኝ እፈራ ነበር።

ማታ ለሙከራ ብለን ሰካነው። ድራማ ነው። እኔና ሚስቴ ጥቁር መስታወት ላይ አፍጥጠን ቀረን።

«ማን ነው የገባው?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ!»

«ባሏ ነው» አሉ አባቴ ከጓዳ። «ጫማውን ግን አላወለቀም፤ ሊቆይ አልመጣም።»

እውነትም ሰውየው ትንሽ ቆይቶ በሩን ጓ! አድርጎ ዘግቶ ወጣ። ሚስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «አባዬ፣ በሞቴ ወጥተው ይንገሩን!» አለች። ወጡ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው! ሴትዮዋ ስታለቅስ እኛ ከንፈራችንን ስንመጥ፣ «ተዉአት፣ የውሸቷን ነው፤ የሚያለቅስ ሰው አፍንጫው ይዘጋል» ይሉናል። ጎረቤት ሳይቀር እሳቸውን ሊሰማ መምጣት ጀመረ።

አንድ ቀን ቴሌቪዥን ሠሪ ጠራሁ። የእጅ ባትሪውን መስታወቱ ላይ ሲያበራ፣ ጉድ በሉ፣ ሰዎቹ በጭላንጭል ታዩ! «የኋላው መብራት ነው የሞተው እንጂ ሌላው ጤነኛ ነው፤ ቢሠራ ያዋጣል» አለ። ሠሪው ከሄደ በኋላ ሚስቴ ባትሪ ይዛ መስታወቱን ስታስስ አመሸች። «ጆሮ አገኘሁ! ኧረ ጢም! ጢም አለው!» እያለች ትጮሃለች፤ እኛ ሆዳችንን ይዘን እንሥቃለን።

እኔ ግን ይሠራ ለማለት ጨነቀኝ። ምስሉ ከመጣ አባቴን ማን ይሰማቸዋል? ይሄን ፊታቸው እንዴት እላለሁ? «አሮጌ ነው፣ ነገ መበላሸቱ አይቀርም፣ ይቅር» አልኩ።

«ምን ነክቶሃል?» አሉ አባቴ። «እኔ አላይም ብለህ ሚስትህን ጨለማ ላይ ታስፈጥጣለህ? አሠራው።»

አወቁብኝ። አሠራሁት።

የመጀመሪያው ማታ ምን ልበላችሁ! ቀለሙ፣ ልብሱ፣ የቤታቸው መጋረጃ! አፋችንን ከፍተን ቀረን። አባቴ፣ «አሁን የመጣው እንኳ...» ብለው ጀመሩ፤ የመለሰላቸው የለም። ደግመው ሞከሩ።

«አሁን ጥሩ ይታያል ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ።

«በምን አወቁ አባዬ?»

«ዝም አላችሁ እኮ።» ዱላቸውን ዳብሰው ተነሡና ግድግዳውን ይዘው ወደ ጓዳ አቀኑ።

ሚስቴ ዘልላ ተነሣች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ መስታወቱ ላይ ጣለችው። «አባዬ፣ ይቁሙማ! አሁን ደረጃውን የወጣው ማን ነው?»

ጓዳው በር ላይ ቆሙ። አዳመጡ።

«እናትየዋ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ወፍራም ሴት ናት፤ ቁና ቁና እየተነፈሰች ነው።»

ሚስቴ ነጠላውን ገለጠችው። አንድ ቀጭን፣ ሸንበቆ የሚያህል ሰውዬ ሻንጣ ተሸክሞ ያለከልካል!

«ወንድ ነው አባዬ! ደግሞ ቢነፉት የሚበር!» አለች፤ ሣቋ አላስጨርስ አላት። አባቴ መጀመሪያ ደነገጡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መቃኑን ደገፍ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። እኔም እንባዬ ወረደ፤ የእኔው ግን የሣቅ ብቻ አልነበረም።

ተመልሰው መጥተው መካከላችን ቁጭ አሉ፤ ዱላቸውንም ለእኔ አቀበሉኝ።

«በይ ሸፍኚው» አሉ።