ዘጠና ሰባት፣ ከነኮከቡ

ልጅ እያለሁ አንድ ጊዜ ሰርቄያለሁ። ብር አይደለም፣ ከሱቅም አይደለም። የሰረቅሁት ሦስት ነጥብ ነው፤ ከክሪኬት ጨዋታ ነጥብ መያዣ ደብተር ላይ፣ በእርሳስና በላጲስ። ደብተሩ አሁንም እኔ ጋ አለ። ጠርዙ ተልጧል፣ ሲገለጥ ግን ዛሬም የተልባ ዘይት ይሸታል። የክሪኬት መምቻ እንጨት እንዳይሰነጠቅ በተልባ ዘይት ነው የሚታሸው። እማዬ ይህን መጀመሪያ ስትሰማ "ተልባን ለእንጨት? ወይ ጉድ! እኔ ለሆዴ አጥቼው!" ብላ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ትምህርት ቤት በላፕቶፕ በሆነበት ጊዜ ነው። እኩዮቼ ታውቁታላችሁ፤ ካሜራ አጥፍቶ መተኛት፣ እጅ እስኪሰነጠቅ ሳኒታይዘር መቀባት። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በዲቪ ከመጣን አራት ዓመት ሆኖናል። ኢስትሙር በሚባል ሰፈር የተከራየነው ቤት በረንዳ ላይ ክላስ ስከታተል፣ ከጎናችን ባለው በረንዳ አንድ ረጅም፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ እንጨት ሲያሽ አያለሁ። ከአባዬ ጋር አንድ ዌርሃውስ ነው የሚሠራው፤ አገሩ ባርቤዶስ፣ ስሙ ኦልደን። አባዬ "በባዶ ስሙ እንዳትጠሪው!" ስላለኝ ጋሼ ኦልደን አልኩት። የምናወራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንቱታው እዚያው ቀረ፣ ጋሼነቱ ግን ጸና። ትርጉሙን ስነግረው አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ።

"ክሪኬት ተጫውተህ ታውቃለህ?" ብዬ ስጠይቀው "ትንሽ ተጫውቻለሁ" አለኝ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል የለም። እኔ ደግሞ ነገር ሳላጣራ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነበርኩ። እሑድ እሑድ የድሮ አምበሉ ከባርቤዶስ በቪዲዮ ኮል ያደርግለታል። አንድ እሑድ ስልኩን አስይዞኝ ውሃ ሊያመጣ ሲገባ አምበሉን ያዝኩት፤ እሱም ሁሉን ዘረገፈልኝ።

ጋሼ ኦልደን ለደሴቱ ቡድን አሥራ አንድ ዓመት የተጫወተ ሁለገብ ሰው ነው፤ ይመታልም፣ ይወረውራልም። ስመ ጥር ወርዋሪዎቹ ነፋሱ ከኋላቸው እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፋ የሚወረውር ሲጠፋ ኳሱ ለእሱ ይሰጣል፣ እሱም አያጉረመርምም። አንድ ጊዜ ለትልቁ የካሪቢያን ቡድን ተጠርቶ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ነበር። አንድም ቀን አላሰለፉትም፤ ለተሰለፉት ውሃ ሲያመላልስ ተመለሰ። "ታዲያ አንድ ጠብታ አላፈሰም!" አለ አምበሉ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። ለመቺ ትልቁ ማዕረግ በአንድ ጨዋታ መቶ ማስቆጠር ነው፣ ኦልደን ግን መቶ የለውም፤ ከፍተኛው ዘጠና አራት ነው። ያን ቀን ስድስት ብቻ ሲቀረው ሰማዩን አየና ወደ አምበሉ ሄዶ "ዝናብ ሊመጣ ነው፣ መምታቱን እናቁምና እንወርውር" አለው። አቆሙ፣ ወረወሩ፣ ተጋጣሚዎቻቸውን ሁሉ አስወጥተው ዝናቡ ሳይደርስ አሸነፉ።

እኔ ብሆን በብስጭት እሞት ነበር። ውሃውን ይዞ ሲመለስ "መቶ አለመኖሩ አይቆጭህም?" አልኩት።

"ደስ የሚል ቁጥር ይመስለኛል" አለና ማሸቱን ቀጠለ። ግን አንዷኑ ቦታ ደጋግሞ ነበር የሚያሸው። አየሁት።

ቤክስሊ ከሚባለው ሰፈር ወዲያ ባለው ፓርክ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ የክሪኬት ቡድን ጋር ይጫወት ነበር። ነጥብ መያዝ አስተማረኝና የቡድኑ ቆጣሪ ሆንኩ። በተከታዩ ዓመት በጋ ላይ ጉልበቱ ኦፕሬሽን እንደሚያስፈልገው ተነገረው፤ ዶክተሩም ከዚያ በኋላ ክሪኬት የሚባል ነገር የለም አለው። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ደረሰች። ሦስት ልጆች ኦቨርታይም ገብተው፣ ሁለት ተጠባባቂ ተተክቶም አንድ ሰው ጎደለ። አሥራ አንደኛው ማን ሆነ? አባዬ! ክሪኬትን በመስኮት እንኳን በቅጡ አይቶ የማያውቀው አባዬ።

ያን ቀን ጋሼ ኦልደን እያነከሰ መታ። ሌሎቹ እየወጡ እየገቡ እሱ ቆመ። ሃምሳ፣ ሰባ፣ ዘጠና! ዘጠና ሰባት ላይ ሲደርስ አሥረኛው ሰው ወጣና አባዬ ገባ። መቺዎች ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ነው የሚቆሙት፤ የመጨረሻው ሰው ከወጣ ጓደኛው ባይሸነፍም የቡድኑ የመምታት ተራ እዚያው ላይ ያበቃል። ስለዚህ የጋሼ ኦልደን መቶ በአባዬ እጅ ላይ ወደቀ። "ምንም አትምታ፣ ዝም ብለህ መክት" ነበር የተባለው። አራት ኳስ መከተ፤ ኧረ የኔ ጀግና!

አምስተኛው ኳስ ጫማውን መትቶ እግሩ ሥር ቆመ። የወረወሩት አንድ ጢማቸው የሸበተ የኔፓል ሽማግሌ ነበሩ። ወገባቸውን ይዘው ሊያነሱት መጡ። እንግዲህ አባዬ ነው፤ ሽማግሌ ፊቱ ሲያጎነብስ ቆሞ ማየት አይሆንለትም። ኳሱን ብድግ አደረገው፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ በሁለት እጁ ጎንበስ ብሎ ሰጣቸው።

በክሪኬት ሕግ መቺ ያለ ፈቃድ ኳሱን በእጁ ካነሳ አውት ነው፣ ተሸንፎ ይወጣል። ሜዳው ላይ የተበተኑት የተጋጣሚ ልጆች ባንድ ድምፅ ወደ ዳኛው ጮኹ፣ ዳኛው "ውጣ" ለማለት ጣቱን አነሳ። አባዬ ያመሰገኑት መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳ። ሽማግሌው ግን አፈሩ፤ አምበላቸውን ለመኑት። ወጣቱ አምበል ወደ ጋሼ ኦልደን ዞሮ "ከፈለግህ እንተወው፣ ቀጥሉ" አለ። እኔ "እሺ በል፣ እሺ በል፣ አቦ!" እያልኩ ነበር። እሱ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ጓንቱን አወለቀና ክንዱን አባዬ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ አብረው ወጡ። አባዬ ነገሩ የገባው ዛፉ ጥላ ሥር ሲደርስ ነው። "አጠፋሁት፣ አይደል?" ብሎኝ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አባቴን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

እረፍት ሆነ፣ ሰው ሁሉ እማዬ ወደላከችው ሳምቡሳ ሄደ። እኔ ደብተሩን ገለጥኩ። መሃል ላይ ሦስት ነጥብ አለ፤ ኳሱ እንጨቱን ሳይሆን የጋሼ ኦልደንን ሰውነት ነክቶ ሲርቅ በሩጫ የተገኘ፣ ለቡድኑ እንጂ ለእሱ የማይቆጠር። ላጲሴን አወጣሁ። ሦስቱን ከዚያ አጥፍቼ በእሱ ስም ጻፍኩ። የቡድኑ ድምር አይለወጥም፣ ማንም አይጎዳም፣ አባዬም ከመሬት ይነሳል። ከዚያ "ተሳስቼ ነበር! መቶ ነው! ጋሼ፣ መቶ!" ብዬ ጮህኩ። ፓርኩ በአንድ እግሩ ቆመ። አባዬ ሮጦ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ።

ጋሼ ኦልደን አልጮኸም። አጠገቤ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ደብተሩን ተቀብሎኝ ኳስ በኳስ በጣቱ ወረደ። እያንዳንዷን ያስታውሳል። ሦስቷ ላይ ቆመ። ሱሪውን በቀስታ ጠቅልሎ ጭኑን አሳየኝ፤ ኳስ የሚያህል ሰንበር ቀልቶ ይታያል።

"ይቺ ሦስት እንጨቱን የነካች ትመስልሻለች?"

እንባዬ መጣ። "ዘጠና ሰባት ብትሆን ማን ያስታውስሃል?" አልኩት፣ ተናድጄ።

"አንቺ" አለና ላጲሱን አቀበለኝ።

አጠፋሁት። ዘጠና ሰባት ብዬ ስጽፍ እርሳሱን ከእጄ ወስዶ ከቁጥሩ ጎን ትንሽ ኮከብ ሣለ። ኮከብ ማለት ማንም አላሸነፈውም፣ ሳይወጣ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ተነስቶ ለሰዉ "ዘጠና ሰባት ነው፣ ደብተሩ ተስተካክሏል" አለ፤ ማን እንዳበላሸው አልተናገረም። የአባዬ ፊት ተመልሶ ሲጠቁር አይቶ ወደ እሱ ሄደና "ዕድሜዬን ሙሉ ስጫወት ብዙ ጓደኛ አብሮኝ ቆሟል፤ በጨዋነት የወጣ ግን አንተ ብቻ ነህ" አለው። ስተረጉምለት አባዬ ሳቅም ለቅሶም ያዘው። የመወርወር ተራው የኛ ሲሆን ነፋስ ተነስቶ ስለነበር ኳሱን ጋሼ ኦልደን ያዘ። እያነከሰ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፋ፣ እስኪመሽ ወረወረ። በሁለት ነጥብ አሸነፍን።

አሁን ኮሌጅ ገብቻለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ፓርኩ አይቀርብኝም። ዛሬ ነጥብ የሚያዘው በስልክ ነው፤ ሲያጠፉት ጠፋ፣ ምንም ምልክት አይተውም። የኔ ደብተር ግን መቶ የጻፍኩበት ቦታ ላይ ወረቀቱ ሳስቷል፤ ወደ ብርሃን ሳነሳው የተፋቀው ይታየኛል። ድሮ ያን ቦታ ሳይ አፍር ነበር፣ አሁን ግን ናፍቆቴ እዚያ ነው ያለው። አባዬ ጎበዝ መካች ወጥቶታል፤ ኳስ እግሩ ሥር ሲቆም ግን አሁንም ሁለት እጁን ከኋላው አቆላልፎ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ጋሼ ኦልደን በታጣፊ ወንበሩ ዛፉ ሥር ይቀመጣል። ባለፈው ሳምንት አዲስ የመጡ ልጆች ከብበውት "ተጫውተህ ታውቃለህ?" ሲሉት ሰማሁ።

"ትንሽ" አለ።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት መቼ ተፈጠረልኝ! ከሜዳው ማዶ ሆኜ፣ ድምፄ እስኪሰነጠቅ፣ "ዘጠና ሰባት! ከነኮከቡ!" ብዬ ጮህኩ።