በመኪና የተሰፋ ሐዘን

የፊልም ልብስ አዘጋጅ ነኝ ያለች ልጅ ቤቴል ያለው ቤቴ ድረስ መጥታ ከሻንጣዋ ረጅም ጥቁር ካፖርት አወጣች። ቀጥላ ሰፊ ባርኔጣ፣ ቀጥላ ጥቁር መነጽር። አልጋዬ ላይ ደርድራ ስትጨርስ፣ እንዴት ነው እማማ፣ ሰላይ አይመስልም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ይህን ለብሳ ኬላ የምትሻገር ሴት ሰላይ ሳትሆን ሰላይ ነኝ ብላ የምትለፍፍ ናት፣ ውሻ ሳይቀር ይጮህባታል አልኳት።

ልጅቷ አልተቀየመችም። አብራኝ ሳቀችና ደብተሯን አወጣች። ፊልሙ በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ስለነበረች አንዲት የውስጥ አርበኛ ነው። ሐዘንተኛ መስላ በሆለታ መንገድ ያለውን ኬላ እያለፈች ጫካ ላሉት ደብዳቤ ታደርስ ነበር አለችኝ። ታሪኩን ከሰፈር ሽማግሌዎች ነው የሰሙት። ያን ዘመን ያየች ልብስ ሰፊ አሮጊት አለች ተብላ ወደ እኔ መጣች እንጂ የማን ልጅ እንደሆንኩ የነገራት የለም፤ የሚያውቁት አልቀዋል። እኔም አልነገርኳት። ሴትዮዋን ግን እንኳን ላውቃት፣ የቀሚሷን ቁመት እስከ ዛሬ በስንዝር እለካዋለሁ። እኛ ግቢ ነበር የምትኖረው። እትዬ ነበር የምላት።

ጻፊ አልኳት። ቀሚሱ ከል ይሁን። ከል ማለት ግን ከሱቅ ተቆርጦ የመጣ ጥቁር ጨርቅ አይደለም። ነጭ የነበረ የደህና ቀን ቀሚስ ነው፤ ሞት ሲመጣ ጥቁር ይነከራል፣ ቀለሙ ብብቱ ላይ ገርጥቶ ጉልበቱ ላይ ይጠቁራል። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ትልበሰው፤ የሰርግ ቤት አጣፋፍ እንዳታስይዢያት። እግሯ ባዶ ይሁን፣ ተረከዟም የተሰነጣጠቀ። የሰላይ ልብስ ያየው ሰው ዞር ሲል የሚረሳው ልብስ ነው። ልጅቷ ቀና ሳትል ትጽፋለች፣ እኔም የማውቀውን ስናገር ደስ እያለኝ ሄደ። ከዚያ የቀሚሱ የታች ጫፍ፣ ቅምቅማቱስ እንዴት ይሰፋ ብላ ጠየቀችኝ። ውኃ ስጪኝ አልኳት።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በሰፈራችን የስፌት መኪና ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ በእጅ የምትዞር፣ ስትዞር የምታስነጥስ መኪና። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች አባቴ እንጀራውንም ስፌቱንም ለእኔ ማስተማር ነበረበት። እንጀራው አልሆነለትም። ስፌቱን ግን አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ሰው ሳይረዳኝ ሸሚዝ እስከ መስፋት አደረሰኝ።

እትዬ ባሏ ዘምቶ የቀረባት ሴት ነበረች። ሐዘኗ የውነት ነው፤ በእሱ ላይ ነው ሥራዋን የደረበችው። በየሁለት ሳምንቱ የባሌ ዘመዶች ዘንድ ለቅሶ አለብኝ እያለች ኬላውን ታልፋለች። ከመሄዷ በፊት ግን ቀሚሷን ለአባቴ ትሰጠውና ጋቢ ተከናንባ ጓዳ ትቀመጣለች። አባቴ ቅምቅማቱን ፈትቶ ስስ ወረቀት ያስገባል፣ መልሶ ይዘጋዋል። እንዴት አድርጎ መሰላችሁ! ያ በመላ ከተማው እጁ የተመሰከረለት ሰው መኪናውን ትቶ፣ ከጆንያ በመዘዘው ክር፣ አንዱን ስፌት ረጅም አንዱን አጭር እያደረገ ያንጋድደዋል። ባሏ የሞተባት ሴት ቅምቅማት አታሳምርም ይለኝ ነበር። ወረቀቱ ምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም ሕፃን አይደለሁም፣ ገብቶኛል።

ታዲያ አንድ ቀን ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ የሰፈር ልጆች ያን ቅምቅማት አንስተው ሳቁብኝ። እትዬ ስታልፍ አይተውታል፤ በአባቴ እጅ እንዲያ ያለ ስፌት ይወጣል ብሎ የሚጠረጥር ስለሌለ ልጁ ናት የሰፋችው ብለው ደመደሙ። የልብስ ሰፊው ልጅ ስፌት የዶሮ ጭረት ነው አሉኝ። አንዷማ፣ በዚህ ሙያ ባል ከምታገኚ ገዳም ብትገቢ ይሻልሻል ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። እውነቱን መናገር አልችልም። ዋጥ አድርጌ ልብሴን ይዤ ወጣሁ፣ እቤት ደርሼ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው። ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ነው የጀመረው።

ሳምንት ሳይሞላ አባቴን ጦር ሰፈር የመኮንኖች ልብስ እንዲጠግን ጠሩት። እምቢ አይባልም። በዚያው ቀን እትዬ መሄድ ነበረባት፤ ያን ቀን ካልደረሰ የማይሆን መልእክት ነው። አባቴ ከመውጣቱ በፊት ወረቀቱን ቅምቅማቱ ውስጥ አስገብቶ ቀሚሱን እጄ ላይ አኖረው። የጆንያውን ክርና ወፍራሙን መርፌም ሰጠኝ። «በእጅሽ ስፊው» አለኝ። «አስቀያሚ አድርጊው፣ ልጄ። አደራ።»

አደራ ብሎኛል። አልሰማሁም እንዳልል፣ ሰምቻለሁ። በመርፌው ጀመርኩት፤ አንድ ስንዝር ያህል ከሄድኩ በኋላ ገልብጬ ሳየው የዶሮ ጭረት ነው። የነዚያ ልጆች ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ይህን ለብሳ በመንደሩ መሀል ስታልፍ ያዩታል፣ ዳግመኛ ይስቁብኛል። ማን ጎንበስ ብሎ ቅምቅማት ያያል አልኩ። ፈታሁትና አዲስ ጥቁር ክር አስገብቼ በመኪናው ዞርኩበት። ሲያልቅ ቀጥ ያለ ነበር። በዕድሜዬ ከሰፋሁት ሁሉ እንደዚያ ቀጥ ያለ አላውቅም።

እትዬ ቸኩላ ስለነበር ሳታየው አጠለቀችው። እንደተባለችው ሰፍታዋለች ብላ አምናኝ ነው። ግንባሬን ሳመችኝና፣ እጅሽ ይባረክ ብላኝ ወጣች።

ኬላው ላይ የሆነውን የነገረችን ከኋላዋ ቅቤ ይዛ ተራ ትጠብቅ የነበረች ነጋዴ ናት። ጣሊያኑ ሶላቶ ለቅሶ መሆኑን ሰምቶ እለፊ ብሏት ነበር አለች። እሱ ከልና ቅምቅማት የት ያውቃል! ያወቃት የእኛው ሰው ነው፣ ኬላ የሚጠብቀው ባንዳ። እትዬ ከኬላው አጠገብ ያለውን ቦይ ልትሻገር ቀሚሷን ከፍ ስታደርግ ዓይኑ ጫፉ ላይ አረፈ። እናት ቀብሮ፣ ከል አስነክሮ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። «አንቺ» አላት፣ «ሐዘንሽ በመኪና ነው እንዴ የተሰፋው?»

ቅምቅማቱን እዚያው በጩቤ ተረተሩት። እሷን በመኪና ጭነው ወሰዷት። የት እንዳደረሷት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ መቃብሯም የለም።

ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት መጡ። አባቴ ገና ከጦር ሰፈር መመለሱ ነው፣ ጫማውን አላወለቀም። ባንዳው የተቆረጠችውን የቅምቅማት ቁራጭ አባቴ ፊት አንጠለጠላት። የጥሩ ሰፊ እጅ ነው፣ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ። ጥሩ ሰፊ ሲል፣ ለአንዲት አፍታ ደስ አለኝ። እትዬ በተያዘችበት ቀን፣ አባቴ ጠመንጃ ተደግኖበት ቆሞ፣ እኔ ስፌቴ ስለተመሰገነ ደስ አለኝ። ፍርሃቱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

አባቴ ቁራጯን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ስፌቱን ዳሰሰው። ማን እንደሰፋው በጣቱ ያውቃል። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ካየኝ እነሱም ያዩኛል። «እኔ ነኝ» አለ።

እኔስ? አፌን ከፈትኩ። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ከፍቼው ነበር። ግን ምንም አልወጣኝም፣ መልሼ ገጠምኩት። ይዘውት ሲሄዱ የስፌት መኪናዋን አቅፌ ተቀምጬ ቀረሁ።

ጣሊያን ሲወጣ አባቴ በሕይወት ተመለሰ። የቀኝ እጁ ግን መርፌ መያዝ አይችልም ነበር፤ ጣቶቹ አይታጠፉም። ከዚያ ወዲያ የምሰፋው እኔ ሆንኩ፣ እሱ ከጎኔ ይቀመጣል። አንድም ቀን አላነሳብኝም። ሰፈሩ ግን አነሳ። በመጀመሪያ፣ ሽማግሌው ልማድ አሸንፎት በመኪና ሰፍቶ ሴትዮዋን አስበላት አሉ። ውሎ ሲያድር ወሬው አደገ። ጦር ሰፈር ውሎ መምጣቱ ታስቦ፣ ሆን ብሎ ነው ተባለ፣ በስፌቱ ለጣሊያን ምልክት ሰጥቶ ነው ተባለ። እድር ላይ ከጎኑ የሚቀመጥ ጠፋ። የእትዬ እናት ከገጠር መጥታ በራችን ላይ ቆማ ረገመችው። አንገቱን ደፍቶ ሰማት፣ እኔም ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁ። ያኔም ዝም።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሊሞት ሰሞን፣ ልናገር ጀመርኩ። አባዬ፣ ያ ቅምቅማት ብዬ ሳልጨርስ እጁን አንስቶ አቆመኝ። «ቀጥ ያለ ነበር» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። ይቅር ማለቱ ይሁን፣ መቀለዱ ይሁን፣ አስተማሪ ሆኖ ማመስገኑ ይሁን አላውቅም። ስሙ እንደጠፋ ተቀበረ። ቀባሪውም ጥቂት ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የዝምታ ወለምታስ በምን ይታሻል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፣ እሱም ፈጀኝ።

ውኃውን ጠጥቼ ለልጅቷ ቅምቅማቱን ነገርኳት። በጆንያ ክር፣ በእጅ፣ የተንጋደደ ይሁን አልኳት። የምትያዝበት ቀን ላይ ግን በመኪና ይሰፋ። ይህንንስ ሰምተናል አለችኝ፤ ፊልሙ ላይ ትልቁ ትዕይንት እሱ ነው። በስፌቱ የታወቀችበትን ጉድ ሰፈሩ ሁሉ ያወራው የለም እንዴ አለች። አንገቴን ነቀነቅሁ። እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ እኔም አቆም ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ልጅቷ ግን ገጹን ገለበጠችና አንድ ጥያቄ ቀርቷል አለችኝ። እሷን ለጣሊያን አሳልፎ የሰጠው ልብስ ሰፊ አለ፤ እሱን አሮጌ ሰደርያ ላለብሰው አስቤያለሁ፣ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ የሚል፣ አንገቱ ላይ ሜትር ያንጠለጠለ ሽማግሌ። «ከሃዲው ምን ይልበስ እማማ?» አለችኝ።

አባቴ ሰደርያ ነበረው። አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ። የማን ሰደርያ እንደሆነ ሳይታወቅ አውጥቼ ልሰጣት እችል ነበር፣ ዝም ማለት የለመድኩት ነው። ግን ያንን ሰደርያ አንዱ ተዋናይ ለብሶት ዓይኑን ሲያቁለጨልጭ፣ አገር ሁሉ ሲያየው ታየኝ።

«ሽማግሌውን ሰርዢው» አልኳት። «የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ሰማያዊ አቡጀዲ ቀሚስ አልብሺያት፣ እጅጌው አጠር ያለ፣ ራሷ የሰፋችው።»

ልጅቷ ብዕሯን አቁማ አየችኝ። ይህን ደግሞ ከማን ሰሙ ብላ ጠየቀችኝ፤ ድምጿ እየቀነሰ ነበር። ቅምቅማቱ በመኪና ይሁን፣ ቀጥ ያለ ይሁን አልኳት። ከዚያ ሳጥኑን ከፍቼ ሰደርያውን አወጣሁና ጭኗ ላይ አኖርኩት፤ ይህን ደግሞ እኔ ነኝ ላለው ሰው አልብሺው አልኳት።