አራስ ጥየቃ በጋራዥ

የእህቴ ልጅ ከቀኗ አምስት ሳምንት ቀድማ ተወለደች። የፈረንጆቹ የምስጋና በዓል ታንክስጊቪንግ ሊደርስ ሲል ከሆስፒታል ወጥታ ሳክሲ በምትባል ትንሽ ከተማ ወዳለው ቤታቸው ስትገባ፣ ሐኪሙ አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረን፤ ሳንባዋ ገና አልጠነከረም፣ ለትልቅ ሰው ተራ የሆነ ጉንፋን እሷን መልሶ ሆስፒታል ሊያስገባት ይችላል። እኔ የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለሆነ ወዲያው ገባኝ። ሐኪሙ ያላወቀው አራስ መጠየቅ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ነው።

ሰው ገንፎውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል። ሕፃኗን አቅፎ፣ ስሞ፣ መርቆ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ ጊዜው በዓል በበዓል ላይ የሚደረብበት ነው፤ የፈረንጁ ገና፣ አዲስ ዓመታቸው፣ ከዚያ የእኛ ገና። ሰው ሁሉ ዕረፍት የሚያገኘውም ያኔ ነው፣ ጉንፋን የሚይዘውም ያኔ ነው።

ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴን ሾምኩ። የእህቴን መኪና ከቤቱ ጋር ከተያያዘው ማቆሚያ፣ ከጋራዡ፣ አስወጥቼ አራት ታጣፊ ወንበሮች፣ አንድ የፕላስቲክ ጠረጴዛና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ሳኒታይዘር አስቀመጥኩ፤ ከፋርማሲ የገዛሁትን የኢንፍሉዌንዛ መመርመሪያም ደረደርኩ፤ እሺ ብሎ የተመረመረልኝ ግን አልነበረም። እንግዳ ጃኬቱን ሳያወልቅ እዚያ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፣ ያመጣውን ያስረክባል፣ ሲወጣ እህቴ ልጅቱን በሳሎኑ መስኮት ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች። ማቀፍ የለም፣ መሳም የለም።

እህቴን ልታርሳት ከአዲስ አበባ የመጣችው እናታችን በኀፍረት ልትሞት ደረሰች። እንግዳን መኪና ማቆሚያ ውስጥ መቀበል ምን የሚሉት ነውር ነው ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እኔም ንቅንቅ አላልኩም።

ያስቸገረኝ ጉንፋን የያዘው ሳይሆን “አለርጂ ነው” የሚለው ሰው ነበር። እዚህ ብርድ ሲገባ የሴዳር ዛፍ ብናኝ በነፋስ ይመጣና ግማሹን ከተማ ያስነጥሰዋል፤ ስለዚህ የታመመውም ያልታመመውም መልሱ አንድ ነው። አንድ ቅዳሜ እናቴ እዚህ ቤተ ክርስቲያን የተዋወቀቻቸው ትልቅ ሴት ገንፎ ይዘው ከጎረቤት ከተማ፣ ከዋይሊ፣ መጡ። መሐረባቸውን ከአፍንጫቸው ሳያነሡ ወደ ውስጠኛው በር አመሩ።

“አለርጂ ነው ልጄ፣ ማለቴ፣ ሴዳሩ ነው” አሉኝ።

“አለርጂ ከሆነማ ጋራዡ አይጎዳዎትም፤ ይቀመጡ” አልኳቸው።

ተቀመጡ፤ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ቅር ብሏቸው ሄዱ። እናቴ ከውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። እኔ ግን ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት። የልጅቱ ክብደት በየሳምንቱ ይጨምር ነበርና ትክክል መሆኔን አልተጠራጠርኩም። አሁንም አልጠራጠርም።

የእኛ ገና ዕለት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ የሠራሁትን ዶሮ ወጥ በትልቅ ድስት ይዤ ሄድኩ። ጠዋት ስነሣ ጉሮሮዬን ከርከር አድርጎኝ ነበር፤ ዝንጅብል ጠጣሁበትና ረሳሁት። መንገድ ላይ ሁለቴ አስነጠሰኝ፤ እሱንም ረሳሁት። በሩን እናቴ ከፈተችልኝ። እንኳን አደረሰሽ ስላት ድምፄ ተሰነጠቀ።

“ምን ሆነሽ ነው?” አለችኝ።

“አለርጂ ነው።”

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። እሷም ሰማችው። አልሳቀችም። ከበሩ ላይ ፈቀቅ ሳትል፣ “ወንበሮቹ ጋራዥ ውስጥ ናቸው” አለችኝ።

ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ሳምንት በር የጠበቅኩት እኔ አይደለሁም ወይ ብዬ ልከራከራት አፌን ስከፍት አስነጠሰኝ። ጋራዥ ገብቼ ከእንግዶቹ ወንበር በአንዱ ተቀመጥኩና መመርመሪያውን ከፈትኩት፤ የመጀመሪያዋ ተመርማሪ እኔው ሆንኩ። ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ከትናንት በስቲያ ልጅቱን ክንዴ ላይ አስተኝቻታለሁ፤ ያውም ማስኬን አገጬ ላይ አውርጄ። ሰዉን ሁሉ የመለስኩት እኔ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ድስቱን ይዤ እንድመለስ ታዘዝኩ። ቤቴ ተኝቼ አንድ ሙሉ ዶሮ ብቻዬን በላሁ። እህቴ ጠዋትና ማታ የቴርሞሜትሩን ፎቶ ትልክልኛለች፤ ቁጥሩን አጉልቼ ደጋግሜ አነበዋለሁ። ልጅቱን አንድም ቀን አላተኮሳትም። በመሀሉ ለዋይሊዋ እናት ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ጋራዥ ስላስቀመጥኳቸው ሳይሆን ደስ ስላለኝ። እሳቸውም አለርጂ እንዳልነበረ ነገሩኝ።

በሳምንቱ፣ ትኩሳቱ ሙሉ በሙሉ ከለቀቀኝ በኋላ፣ ሄጄ ሳሎኑ መስኮት ሥር ቆምኩ። እህቴ ልጅቱን ከፍ አደረገቻት። ተኝታለች፤ ጉንጯ ሞላ ብሏል። አለቀስኩ። ጠጋ ስል ትንፋሼ መስታወቱን አደበዘዘው።

እናቴ በበሩ ብቅ ብላ፣ “መስታወቱንም እንዳትስሚው” አለችኝ።

ልስመው ነበር።