የኦቦ ደቻሳ ሜዳና የእኔ ደብዳቤ

ኦቦ ደቻሳ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ከዚህ ዓለም መለየታቸውን ላልሰማችሁ ሁሉ በከባድ ሐዘን እነግራችኋለሁ። የሱሉልታ ክለባችንን ሜዳ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት እሳቸው ናቸው። ቀብራቸው ላይ ስለ ስፖርት ወዳድነታቸው ረጅም ንግግር ያደረጉት ግን ሜዳውን ያጠሩብን ሰዎች ናቸው።

ኦቦ ደቻሳ አርብ አርብ ሲባጎ ወጥረው፣ ኖራ በጣሳ እየበተኑ መስመር ያሰምሩ ነበር፤ ጨዋታ በሌለበት ሳምንትም ጭምር። «ለማን ነው የሚደክሙት?» ስላቸው፣ «ለአላፊ አግዳሚው። መስመር ያለውን ሜዳ ማንም ባዶ መሬት ነው አይልም» አሉኝ። ከደቡብ መጥተው ግንባታ ላይ የሚሠሩ ልጆች እንዳይጫወቱ ኮሚቴያችን ሲከለክልም፣ «ከተማውን እየሠሩልን ኳስ እንከልክላቸው?» ብለው በሩን የከፈቱላቸው እሳቸው ነበሩ።

የክለቡ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ክረምት ክረምት ውሃ እየተኛበት ስላስቸገረን ሜዳው እንዲጠገን ለከተማው አስተዳደር ደብዳቤ ጻፍኩ። ልመና ካልተጋነነ ሰሚ የለውም ብዬ፣ ሜዳው በአሁኑ ጊዜ ምንም አገልግሎት እንደማይሰጥ አሰፈርኩ። ከመላኬ በፊት ለኦቦ ደቻሳ አነበብኩላቸው።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄን አውጣው። ትናንት ተጫውተንበት የለም እንዴ?»

«ኦቦ፣ የቢሮ አጻጻፍ ነው፤ አንቱ አይግቡበት።»

«ቢሮ የሚያውቀው የጻፍክለትን ነው» አሉና ወጡ።

መልሱ ብዙ አልቆየም። ቦታው አገልግሎት እንደማይሰጥ ክለቡ ራሱ ስላረጋገጠ ለመጋዘን ተሰጥቷል ይላል። ዙሪያው በቆርቆሮ ታጠረ። ከዚያ ወዲህ ክለባችን ሜዳ ለማኝ ሆኖ ቀረ፤ እሳቸውም በየቀኑ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ጀመር።

በአባላት ስብሰባ ላይ «ማነው ይሄን የጻፈው?» ተብሎ ሲጮህ እኔ አቀረቀርኩ። ኦቦ ደቻሳ ብድግ ብለው፣ «ክለቡ ነው የጻፈው፤ ሁላችንም ነን» አሉና ነገሩን ዘጉት። አፌን ከፍቼ እኔ ነኝ አላልኩም።

ኦቦ ደቻሳ፣ ታመው ልጠይቅዎት የመጣሁ ዕለት ይቅርታ ልለምንዎት ነበር። አጠገብዎ ተቀምጬ ስለ ዝናቡ አወራሁና ሄድኩ። አንቱ ምንም ሳያጠፉ ከጥፋቴ ተካፈሉ፤ እኔ ወንድ ነኝ ባዩ ግን በቁምዎ አንዲት ቃል ነፈግሁዎት። አሁን የሚያውቁዎት ሁሉ ይስሙኝ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው እንዳልጽፍ ነግረውኛል። አንቱ በሰላም ይረፉ አባቴ። ከእንግዲህ የሚጠየቀው እኔ ብቻ ነኝ።