ሁለት ክረምት በአንድ ዓመት

ያ ነገር አንድ በቅሎ፣ አንድ ወዳጅና የቅዳሜ ገበያ መቀመጫዬን አስከፍሎኛል። ጭኜ ያሻገርኩት ግን አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበር።

ያስታወሰችኝ እዚሁ ንፋስ መውጫ፣ አስፋልቱ ዳር ስልክ የምትጠግነው ሴት ናት። ባለፈው ሰሞን የአሮጌው ስልኬ መስታወት ተሰነጣጥቆ የሰው ስም ማንበብ ሲያቅተኝ አዲስ ገዛሁና በድሮው ውስጥ ያለውን እንድታዛውርልኝ ሰጠኋት። ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስተኝታ ትንሽ ቆየችና፣

«ጋሼ፣ ሁሉም ተሻግሯል» አለችኝ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ምንም የቀረ የለም?»

«ኧረ ጋሼ! ስልክ እኮ ነው፤ ከብት በወንዝ እያሻገርኩ አይደለም!»

«እንግዲያው አንድ ነገር አሳዪኝ። አዲሱ ስልክ ዘንድሮን ስንት ዓመተ ምሕረት ነው ይላል?»

ቀና ብላ አየችኝ። እርጅናው እንደጀመረኝ ገምታለች፤ አልፈረድኩባትም። እኔ ግን አንድ ነገር «ተሻግሯል» ባሉኝ ቁጥር ምን ቀረ ብቻ ብዬ አላቆምም፤ ወደ የትኛው ዓመት ተሻገረ ብዬም እጠይቃለሁ። ሦስት ጊዜ መጠየቁን ደግሞ የበቅሎ ገበያ ነው ያስተማረኝ። የበቅሎ ሻጭ ውሸቱን ሁለት ጊዜ አሳምሮ ይደግመዋል። በሦስተኛው ወይ ይቆጣል ወይ ይረሳል።

ወጣት ሳለሁ ገብስ እነግድ ነበር። በደህና ዘመን ከዚሁ ከጋይንት ገብስ ጭኜ ወደ እስቴ እወርዳለሁ፤ በክፉ ዘመን ከእስቴ ገበያ ከመካነ ኢየሱስ ሸምቼ ወደ ጋይንት እወጣለሁ። ዘመኑ ቢከፋም ቢለማም እንጀራዬ አይጓደልም ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ሰው አይወድም። ዳማ በቅሎ ነበረችኝ። በሶዬን በጨርቅ ቋጥሬ፣ ቃሪያዬን በኪሴ ከትቼ፣ ምንጭ ስናገኝ እኔ በሶዬን ስበጠብጥ እሷ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቀኛለች። የድርሻዋን ሳልሰጣት አትነቃነቅም። በሶ የምትወድ በቅሎ ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም አላየሁም።

አንድ ክረምት ደብረ ታቦር ከርሜ ኮምፒውተር ተምሬ ስለነበር፣ ከገብስ ማከማቻዬ ጎን ባለችው ክፍል አንድ ኮምፒውተር አስቀምጬ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። በከተማችን ያን ጊዜ ኮምፒውተር ነክቻለሁ የሚል ሰው ብዙ አልነበረም። ከነኩት አንዱ አስማረ ነው።

አስማረ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበር። ከከተማው በላይ ባለው ጉብታ አንድ ፕሮጀክት የአየር ጠባይ መለኪያ ምሰሶ ተክሎ ነበርና የዚያ ጠባቂ እሱ ነው። ምሰሶው ጫፍ ላይ ትናንሽ ጽዋዎች ይሽከረከራሉ፤ ከሥሩ ዝናብ የሚለካ ጣሳ አለ። ሁለቱም በሽቦ ከአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ካለ ኮምፒውተር ጋር ይገናኛሉ። ንፋስ መውጫ ላይ ንፋስ መኖሩን ለማወቅ ይህን ያህል መድከም ምን ይሉታል ብዬ ስስቅበት፣ «ሞላ፣ አንተ ገብስህን ስፈር፤ እኔ ሰማዩን ልስፈር» ይለኝ ነበር። ጠላ ስንጠጣ በአንድ ጣሳ ነበር።

ፕሮጀክቱ በኋላ ላይ ገበሬውን አንድ ውል አስገባው። ክረምቱ ካነሰ የዘር ገብስ ይሰጣል። ክረምቱ ማነሱን የሚመሰክረው ግን ምሰሶው ነው፤ የገበሬ ቃል አይቆጠርም። እኔ ስሰማው አልወደድኩትም። ጆሮ የሌለውን ምስክር በምን ትከራከረዋለህ?

ውሉ በተገባ በመጀመሪያው ክረምት ሐምሌ ደህና ገባ፤ ፍልሰታ ሳይፈታ ዝናቡ ቀጥ አለ። ወደ መስከረም ገደማ በማሳው መሀል ሳልፍ ጎንበስ ማለት የነበረበት የገብስ ዛላ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በመዳፌ አሸሁት፤ እፍ ስለው ምንም አልቀረም። ለሚቀጥለው ዓመት የሚዘራ ፍሬ በየጎተራው እንደሌለ ከማንም በፊት ያወቅኩት እኔ ነኝ። ንግዴ ነውና።

በጥቅምት ለምሰሶው አዲስ ኮምፒውተር መጣለት። አሮጌው ሲሠራ ድምፁ እንደ ወፍጮ ቤት ነበር፤ ከክረምቱ በፊትም አንዴ ታሞ አስማረ ነው ያዳነው። አዲሱን ከአውቶቡስ ተቀብዬ፣ በጭድ ጠቅልዬ፣ በዳማዋ ጭኜ ጉብታውን አወጣሁት። አስማረ ብቻውን ደፍሮ አይነካውምና አብረን ተቀመጥን። አዲሱን ፕሮግራም ጫንን። ከዚያ አሮጌው የቆጠረውን የስንት ዓመት ዝናብ በዲስኬት እየቀዳን ማመላለስ ጀመርን። ያ ሁሉ ጎርፍ፣ ያ ሁሉ ጭቃ፣ ከመዳፍ በማትሰፋ ነገር ተጭኖ ሲሄድ አየሁ። ደስ አላለኝም።

«ሁሉም ገባ?» አልኩት።

«ገባ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም! ሞላ፣ አትጨቅጭቀኝ!»

መጨረሻ ላይ አዲሱ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ አቀረበ፤ የመጣውን ሁሉ በየዓመቱና በየቀኑ ላሰልፈው ወይ ይላል። አሮጌው እንደ አመጣጡ ዝም ብሎ ይደረድር ነበር እንጂ እንዲህ ያለ ትሕትና አያውቅም። አዎ ብለን ተጫንን። የተጫነው ጣት የማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። የአስማረ ነው።

በኅዳር የፕሮጀክቱ ሰዎች መጡና የዘንድሮውን ክረምት አምጣ አሉት። አስማረ ለኮምፒውተሩ ዓመቱን ነገረው፤ እሱም በወረቀት አወጣ። እንደ ወረቀቱ ከሆነ ምሰሶው ከተተከለ እንደ ዘንድሮ ዘንቦ አያውቅም። ሰዎቹ ለገበሬው «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብለው ሄዱ። ዘር የለም።

ወሬው ገበያ ሲደርስ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሌላ ሰው ብሆን እኔም ራሴን እጠረጥር ነበር። ኮምፒውተሩን ያመጣ እኔ፤ ዝናቡን ያሻገርኩ እኔ፤ ነጻ ዘር ከቀረ ገብስ የምሸጥ እኔ። እትዬ ዘነበች የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ ነበረች። ከመቀመጫዬ ፊት ቆማ ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማ፣

«አንተ ሞላ! ዘንድሮ ዘነበ ከተባለ እኔ ነኝ የዘነብኩት፤ ስሜ ነውና! ሌላው የት ወርዶ ነው?» አለችኝ።

«እትዬ ዘነበች፣ እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አታውቅም? የእግዜርን ውሃ በበቅሎ ጭነህ አውጥተህ አታውቅም?»

ሰው ሳቀ። የሳቀው ግን ገብስ ሳይገዛኝ ሄደ።

በእኛ አገር ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር አውጫጭኝ ይቀመጣል። የአካባቢው ሰው አንድም ሳይቀር ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የሚያውቅ ሰው በምስጢር ለሽማግሌ ስም ይነግራል። የነገረው ሰው «ወፍ» ይባላል፤ ማንነቱ አይገለጥም። በበግና በበሬ ተቀምጠን እናውቃለን፤ በዝናብ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። ሰብሳቢው መሪጌታ ይትባረክ፣ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የመጡ አዛውንት፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣

«ልጆቼ፣ ሌባ ሲቀንስ አይተን እናውቃለን» አሉ። «የጨመረ ሌባ ግን ዛሬ መጣብን። ለማንኛውም ወፏ ተናግራለች።»

«ማንን አለች?» አለ ሕዝቡ።

«‹ሶፍትዌሩን የጫነው ሞላ ነው› ብላለች። ሶፍትዌር ማለት ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ወፏ ታውቃለች።»

በዚያ ሜዳ ከተቀመጠው ሰው ያንን ቃል ሳይደናቀፍ የሚጠራ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው። ቀና ብዬ ፈለግኩት። አስማረ ጫማውን ያያል።

እናቱን የሚጦረው በዚያ ሥራ ነበርና ፈርቶ ነው። ይህ ያን ጊዜም ገብቶኛል። እኔም ብሆን ወረቀቱ ከወጣ ጀምሮ እሱን ስጠረጥር ነው የከረምኩት። ልዩነታችን እኔ በሆዴ፣ እሱ በወፍ አፍ መጠርጠራችን ነው።

ዋስ ጥራ ተባልኩ። የሚቆምልኝ ጠፋ። እስከሚቀጥለው እሑድ ዳማዋን በመያዣነት አስረክቤ ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። በቅሎዬ ከሽማግሌዎቹ ባንዱ ግቢ ታሰረች።

ሳምንቱን ሙሉ አሰብኩ። ማሽኑ አይዋሽም ይላሉ፤ የሚዋሽ ሰው ያሳደገው ማሽን ለምን አይዋሽም? ደግሞ አስማረ ፈሪ ነው እንጂ ሌባ አይደለም። እንግዲህ ሳያውቅ ያደረገው ነገር አለ ማለት ነው፤ ሳያውቅ ያደረገውን ደግሞ ሰው በልምምጥ አይናገርም። እንደ በቅሎ ሻጭ ሦስት ጊዜ መጠየቅ ነው።

እሑድ ስንሰበሰብ መሪጌታን ፈቃድ ጠየቅኩና ወደ አስማረ ዞርኩ።

«አሮጌው ኮምፒውተር ከክረምቱ በፊት ታሞ ነበር። ምን ሆኖ ነው?»

«ባትሪው ሞቶ ቀኑን ረሳ። ባትሪ ቀየርኩ፤ ቀኑን ሞላሁ፤ ዳነ።»

«ምን አደረግክ?»

«ባትሪ ቀየርኩ! ቀን ሞላሁ!»

«እንዴት አድርገህ ሞላህ?»

ተቆጣ። «ወሩንና ቀኑን በፈረንጅ ነው የሚፈልገው። ከግድግዳው ካላንደር አይቼ አንድ በአንድ ሞላሁ። ሌላ ምን ልበልህ?»

«ዓመቱንስ ከካላንደር አየህ?»

«ዓመት ደግሞ ከካላንደር ይታያል እንዴ? ዓመቱን የማያውቅ ማን አለ?»

«ስንት ብለህ ሞላህ?»

ተናገረ። የተናገረው የእኛን ዓመት ነው።

መጀመሪያ የሳቁት የዘመን ቆጠራውን ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩት መሪጌታ ናቸው። ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚስቀው።

«ከጥር እስከ ጳጉሜን ፈረንጅ በስምንት ዓመት ይቀድመናል» አሉ። «እንግዲህ ይህ ዕቃ ዘንድሮን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶታል። እዚያ ምን አገኘ?»

«በፈረንጅ ቁጥር የተጻፈ ሌላ ክረምት» አልኩ። «የዓመት ቁጥራቸው አንድ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ለየብቻ ደርድሯቸው ነበር፤ አዲሱ በዓመት ሲያሰልፍ አንድ ላይ ደባለቃቸው።»

«ከስምንት ዓመት በፊት?» እትዬ ዘነበች ብድግ አለች። «ድልድዩን ጎርፍ የወሰደበት ክረምት! በሬዬን የወሰደብኝ! እሱን ነው በእኛ ላይ የደገማችሁት?»

ሰው ሁሉ ተግተልትሎ ጉብታውን ወጣ። አስማረ ኮምፒውተሩን ከፈተው። በሐምሌ ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሁለት ዝናብ ተጽፏል፤ አንዱ የዘንድሮው፣ አንዱ የጎርፉ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የዘንድሮው ባዶ እየሆነ ይሄዳል፤ የጎርፉ ብቻውን መዝነቡን ይቀጥላል። ለየናቸው። የዘንድሮው ክረምት ለብቻው ሲቆም እንደ ገብሱ ዛላ ነበር፤ ቀጥ ያለና ባዶ።

ከጉብታው ስንወርድ መሪጌታ ነጻ መሆኔን ለሕዝቡ ነገሩ። ሕዝቡም አሜን አለ። እኔም በቅሎዬን አምጡልኝ አልኩ።

ዳማዋ የታሰረችበት ግቢ አጥሩ ሳስቶ ኖሯል፤ ሐሙስ ጅብ ገብቶ በልቷታል። ማንን ልክሰስ? ጅብ አውጫጭኝ አይቀመጥም።

ፕሮጀክቱ ብዙ ከተሟገተ በኋላ ዘሩን ላከ፤ ሰኔ ሳይገባ ደረሰ። እትዬ ዘነበች ቁናዋን አዝላ በመቀመጫዬ በኩል ስታልፍ «ሞላ፣ እግዜር ይስጥህ» አለችኝ። ገብስ ግን ከሌላ ነጋዴ ትገዛ ጀመር። ሌላውም እንደሷ። ምንም አልሠራም ይላሉ፤ ግን ወፍ ስሙን ጠርታዋለች። ከዓመት በኋላ መቀመጫዬን ለቅቄ ሚስማርና ቆርቆሮ መሸጥ ጀመርኩ። ሚስማር ከዝናብ ጋር ጉዳይ የለውም ብዬ ነው። ቆርቆሮ እንዳለው ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ከአስማረ ጋር አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻል ነበር፤ የተጣላ ይታረቃል። ከጥቂት ዓመት በፊት ለቅሶ ላይ ተገናኘንና ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ፤ እኔም መዘገብኩት።

ስልክ ጠጋኟ አዲሱን ስልክ ወደ እኔ አዞረችው። ዓመቱ የፈረንጅ ነው። ነክታ ነክታ ወደ እኛ ቀየረችልኝና፣

«አሁን ተማመንን፣ ጋሼ?» አለች።

«ስሞቹን አሳዪኝ።»

ከላይ ጀምራ በጣቷ ወደ ታች ገፋች። ወዲያው ቆመች።

«ይኸውና! አስማረ የሚባል ሁለት ጊዜ ገብቷል። ቁጥሩም ያው ነው። አንዱን ላጥፋው?»

«ተዪው» አልኳት። «ከሁለቱ የቱ የዘንድሮው እንደሆነ አይታወቅም።»

ሂሳቡ ይኸው ነው። ገብሱ በቅሏል። በቅሎዋ ተበልታለች። የቅዳሜ መቀመጫዬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። አስማረ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፤ አንድም ጊዜ ደውዬለት አላውቅም።